አውሮፕላኑ ከቆመ በኋላ፦ «የሆስተሶች ትርኢት» ለሚለው ወቀሳ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተው ጽሑፍ ለእኔም ከዘመድም ከቀድሞ ባልደረባም ደርሶኛል። አንዳንዶቹ ሲልኩልኝ «እውነት ነው እንዴ?» የምትል ጥያቄ አክለውበታል። ይህን ምላሽ የምጽፈው ለጠየቁኝ ሰዎች ነው። ለዓመታት በበረራ አስተናጋጅነት ስለሠራሁ ወገንተኛ መባሌ አይቀርም። ስለዚህ የራሴን ገጠመኝ ወደ ጎን ትቼ፣ በአደባባይ በታወቁና በተመረመሩ አደጋዎች ላይ ብቻ እቆማለሁ።

በቅድሚያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት ከመነሳት በፊት የሚሰጠው የደኅንነት ገለጻ ትርኢት ነው፤ አውሮፕላን ከወደቀ የሚተርፍ የለምና። የሕይወት ጃኬት ማታለያ ነው፤ ለዚህም ማስረጃቸው ኮሞሮስ ላይ የሆነው ነው። ሻንጣ ትታችሁ ውጡ የሚባለው ተሳፋሪን ለመቆጣጠር እንጂ ሻንጣ ማውረድ ከሁለት ሰከንድ በላይ አይፈጅም። አስተናጋጆች በመሠረቱ ምግብ አቅራቢዎች ናቸው፤ ያለ ካፒቴኑ ትእዛዝ አንዲት በር እንኳ አይከፍቱም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ቀድመው የሚወጡትም እነሱ ናቸው። ጎንበስ ብላችሁ ራሳችሁን ያዙ የሚባለው ጥርስ ለሬሳ መለያ እንዲተርፍ ነው። የመስኮት መሸፈኛ ክፈቱ፣ ጠረጴዛ እጠፉ ማለት ንዝንዝ ነው። የኦክስጅን ጭንብል መጀመሪያ ለራስ፣ ከዚያ ለልጅ የሚለው መመሪያ ከባህላችን ጋር ይጋጫል። በመጨረሻም በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ወንበር በሌለው አውሮፕላን ከ1,000 በላይ ሰው ተጭኖ አንድም ሰው ሳይጎዳ ከደረሰ፣ ይህ ሁሉ ሕግ ለምን አስፈለገ ብለው ይጠይቃሉ። ስለ ገለጻው ቋንቋ ያነሱት ነጥብም አለ፤ እሱን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ፤ እዚያ ላይ ልክ ናቸውና።

ጽሑፉ የተመሠረተው በአንድ ግምት ላይ ነው። ጸሐፊው አደጋን አንድ ቅጽበት አድርገው ያዩታል፦ አውሮፕላኑ መሬት ይመታል፣ ሁሉም ያልቃል ወይም ሁሉም ይተርፋል፣ በቃ። እውነተኛዎቹ አደጋዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደሉም። ከግጭቱ በኋላ ጊዜ አለ። አንዳንዴ አንድ ደቂቃ ተኩል ነው፣ አንዳንዴ ከዚያ ይረዝማል። ከአውሮፕላኑ መቆም እስከ እሳቱና ጭሱ ካቢኑን መሙላት ድረስ ያለው ይህ ጊዜ የበረራ አስተናጋጆች ዋና ሥራ ነው። ሻዩና ቡናው በቀረው ጊዜ የሚሠራ ነው። ጸሐፊው ይህን ጊዜ ከሒሳባቸው ስላወጡት ሁሉም መመሪያ ትርጉም የለሽ ሆነባቸው።

«የሚተርፍ የለም» ስለሚለው

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 2000 በአሜሪካ አየር መንገዶች ላይ የደረሱ 568 አደጋዎችን አጥንቷል። በአውሮፕላኖቹ ውስጥ ከነበሩት 53,487 ሰዎች 51,207 ተርፈዋል፤ ከ95 በመቶ በላይ ማለት ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቀላል አደጋዎች ናቸው ሊሉ ይችላሉ፤ ትክክል። ነገር ግን ቦርዱ እሳት የተነሳባቸውን፣ አውሮፕላኑ ክፉኛ የተጎዳባቸውንና ሰው የሞተ ወይም በከባድ የቆሰለባቸውን 26 አደጋዎች ለይቶ ሲያይ እንኳ ከግማሽ በላይ ሰዎች በሕይወት ወጥተዋል። ከግማሽ በላይ ሰው የሚተርፍበትን ነገር «የሚተርፍ የለም» ማለት አይቻልም።

የሩቁን ትተን ወደ ቤታችን እንምጣ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሳ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ ተመልሰው ለማረፍ ሲሞክሩ ሞተሮቹ ከዱ፣ አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ በሆዱ ወደቀ፣ እሳትም ተነሳ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። 69ኙ ግን ተረፉ። ሞተር አልባ፣ ሜዳ ላይ ወድቆ ከተቃጠለ አውሮፕላን 69 ሰው ወጥቷል።

ጸሐፊው ስላነሱት መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. አደጋ ልመልስ። ቢሾፍቱ አካባቢ 157 ሰዎች ባለቁበት በረራ ማንም አስተናጋጅ፣ ማንም መመሪያ አንድ ሰው ሊያድን አይችልም ነበር፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። እንዲህ ያሉ አደጋዎች አሉ። የደኅንነት ገለጻው የተዘጋጀው ግን ለእነሱ አይደለም፤ ለባሕር ዳሩ ዓይነት ነው።

ለሃኔዳም ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2024 የጃፓን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 ቶኪዮ ሃኔዳ ሲያርፍ ማኮብኮቢያው ላይ ከነበረ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። በትንሹ አውሮፕላን ከነበሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ። በትልቁ ውስጥ 379 ሰዎች ነበሩ፤ ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ስምንት ሕፃናትም አብረው ነበሩ። የካቢኑ ድምፅ ማጉያ አልሠራ አለ። አስተናጋጆቹ በሜጋፎንና በጉሮሯቸው ሠሩ። ከስምንት በሮች ውስጥ እሳት ያልደረሰባቸው ሦስት ብቻ ነበሩ፤ የቀሩትን አምስቱን እንዳይከፈቱ ያዙ። ካፒቴኑ የኋላ ረድፎችን ፈትሾ መጨረሻ ላይ ሲወጣ ካረፉ 18 ደቂቃ ገደማ ሆኖ ነበር። 379ኙም ወጡ። አውሮፕላኑ ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ ነደደ። ይህ ትርኢት ከሆነ እንዲህ ያለውን ትርኢት በየቀኑ ልመለከት ዝግጁ ነኝ።

ኮሞሮስ

የጽሑፉ ጠንካራ የሚመስለው፣ እኔን ግን ይበልጥ ያሳሰበኝ ክፍል ይህ ነው። ጸሐፊው የሕይወት ጃኬት ለብሰው የነበሩ ሰዎች ስለሰመጡ ጃኬቱ ገዳይ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሰዋል። ይህን አንብቦ በሚቀጥለው በረራው ጃኬቱን ከነጭራሹ የማያነሳ ሰው ሊኖር ይችላል።

የሆነው ይህ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሳው ቦይንግ 767 በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራሊያ ካልበረርን አሉ፤ ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነግራቸውም አልሰሙትም። ነዳጁ አለቀ፣ ሞተሮቹ ተራ በተራ ጠፉ፣ ካፒቴኑ እየታገለ አውሮፕላኑን በግራንድ ኮሞር የባሕር ዳርቻ አጠገብ፣ ጋላዋ ከሚባለው ሆቴል ፊት ለፊት ውኃ ላይ አሳረፈው። የግራው ክንፍ ውኃውን ቀድሞ ነካ፣ አውሮፕላኑም ተሰባበረ። ከ175 ሰዎች 125 ሞቱ፣ 50 ተረፉ። ሆቴሉ ውስጥ የነበሩ ቱሪስቶችና ጠላቂ ዋናተኞች በጀልባ ደርሰው ሰው አወጡ።

ከሟቾቹ ብዙዎቹ ጃኬታቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ እያሉ ነፍተውት ነበር። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለጠው። ካቢኑ ውኃ ሲሞላ የተነፋ ጃኬት ሰውን ወደ ጣሪያ ያነሳዋል። የመውጫው በር ደግሞ በዚያን ጊዜ ከውኃው በታች ነው። ወደ በሩ ለመድረስ ጠልቆ መዋኘት ያስፈልጋል፤ በተነፋ ጃኬት ግን ጎበዝ ዋናተኛም አይጠልቅም። ጣሪያው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ጃኬቱ ሥራውን ሠራ፤ ወደ ላይ አነሳ። ያነሳቸው ግን በላያቸው ጣሪያ እያለ ነው።

በየበረራው አስተናጋጇ ጃኬቱን አጥልቃ ቀዩን መጎተቻ እየነካች «ከአውሮፕላኑ ስትወጡ እንጂ ውስጥ ሆናችሁ እንዳትነፉት» የምትለው ለዚህ ነው። ኮሞሮስ ያሳየችው መመሪያው ከንቱ መሆኑን ሳይሆን የዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ክብደት ነው። ደግሞስ በዚያ ካቢን የነበሩት ተሳፋሪዎች ለሰዓታት በጠላፊ እጅ፣ በድንጋጤ ውስጥ ነበሩ፤ ማንም አይወቅሳቸውም። ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚያደርገው ቀድሞ በጭንቅላቱ የተቀመጠውን ነው፤ ካልተቀመጠ ደግሞ በደመ ነፍስ ጃኬቱን ይነፋል።

ባሕር የሌላት አገር አየር መንገድ ጃኬት ምን ይሠራለታል ለሚለው ቀልድ መልሱ አጭር ነው። ከቦሌ የሚነሱ አውሮፕላኖች ቀይ ባሕርን፣ ሜዲትራኒያንን፣ የሕንድ ውቅያኖስንና አትላንቲክን ያቋርጣሉ። ጅቡቲ፣ ቤሩት፣ ሆንግ ኮንግ ያረፈ ሰው በመስኮቱ ምን እንዳየ ያስታውስ። ውኃ ላይ ማረፍ ሞት ነው ለሚሉት ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2009 ሁለቱም ሞተሮቹ በወፍ የጠፉበት ኤርባስ ኒውዮርክ ሃድሰን ወንዝ ላይ አርፎ 155ቱም ሰዎች በሕይወት ወጥተዋል።

ሻንጣውና ሁለት ሰከንዱ

ሁለት ሰከንድ የሚለውን ልቀበልላቸው። 300 ሰው ከጫነ አውሮፕላን ግማሹ ሻንጣውን ያውርድ። 150 ሰው በሁለት ሰከንድ 300 ሰከንድ ነው። አራት በሮች ተከፍተው ወረፋው እኩል ቢከፋፈል እንኳ ለእያንዳንዱ በር 75 ሰከንድ ይደርሰዋል። ስሌቱ ሸካራ ነው፤ ሁሉም መዘግየት እንዲህ አይደመርም። ቢሆንም መተላለፊያው ሰው በሰው የሚሄድበት ጠባብ ስለሆነ፣ አንዱ ቆሞ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ከ44 ወንበር በላይ ያለው አውሮፕላን ፈቃድ ለማግኘት የመውጫዎቹ ግማሽ ተዘግቶ፣ በጨለማ፣ ሰውን በሙሉ በ90 ሰከንድ ማስወጣት እንደሚቻል ማሳየት አለበት። የጸሐፊው ሁለት ሰከንዶች ከዚያ 90 ሰከንድ አብዛኛውን በሉት ማለት ነው።

ከዚያ ማንሸራተቻው አለ። ሰው እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ እንዲወርድ የተሠራ በአየር የተነፋ ጨርቅ ነው። ጎማ ያለው ሻንጣ አቅፎ የሚወርድ ሰው ራሱን ይሰብራል፣ ከታች የቆመውን ይመታል፣ ማንሸራተቻውንም ሊቀድደው ይችላል። ያ በር ለቀሩት ሰዎች ተዘጋ ማለት ነው።

የዱባዩን ምስል ያላየ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 3 ቀን 2016 የኤሚሬትስ ቦይንግ 777 ከሕንድ መጥቶ ዱባይ ሲያርፍ ማኮብኮቢያው ላይ ወደቀ። 300 ሰዎች ነበሩበት። ውስጥ በተቀረጸው ቪዲዮ ጭሱ እየገባ ሰዎች መደርደሪያውን ከፍተው ሻንጣ ሲያወርዱ፣ አስተናጋጆቹም ሻንጣ ተዉ እያሉ ሲጮኹ ይሰማል። ሁሉም ተረፉ። ነገር ግን አውሮፕላኑ ከቆመ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የነዳጅ ቋቱ ፈንድቶ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ገደለ። ሁሉም ስለተረፉ ሻንጣው አልጎዳም የሚል ሰው፣ ያ ፍንዳታ ጥቂት ደቂቃ ቢቀድም ኖሮ ማን ውስጥ ይገኝ እንደነበር ያስላ።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ያላነሱትን አንድ ነገር ልጨምርላቸው፤ ለክርክራቸው የተሻለ ይሆን ነበር። ከጅዳ ወይም ከቤሩት የምትመለስ ሠራተኛ የዓመታት ድካሟ፣ ፓስፖርቷና ወርቋ ያለው በዚያች የእጅ ቦርሳ ውስጥ ነው። ተዪው ማለት ቀላል አይደለም። መፍትሔው ግን ከመነሳት በፊት ነው፦ ፓስፖርትና ገንዘብ በኪስ ወይም በሰውነት ላይ ይታሰር፤ ያኔ ቦርሳውን ለመተው አንጀት ይጨክናል። አስተናጋጆችም «ሻንጣ እንዳትይዙ» ከማለት አልፈው ይህን ቀድመው ቢመክሩ ጥሩ ነው።

«ምግብ አቅራቢዎች ናቸው»

የመጀመሪያዋ ሴት የበረራ አስተናጋጅ ኤለን ቸርች እ.ኤ.አ. በ1930 የተቀጠረችው ነርስ ስለነበረች ነው። ሙያው ሲጀመር እንኳ ትሪ ብቻ አልነበረም። ዛሬ አንድ አስተናጋጅ ክንፍ (የሙያ ምልክቱን) ከማግኘቱ በፊት በር መክፈት፣ እሳት ማጥፋት፣ በጭስ ውስጥ መንቀሳቀስ፣ ልብ ሲቆም መርዳት፣ ውኃ ላይ መውጣት ይማራል። በየዓመቱም ተመልሶ ይፈተናል። የወደቀ አይበርም። ይህን ተሳፋሪው አያይም፤ የሚያየው ጋሪውን ነው። ጸሐፊው ባዩት መፍረዳቸው አይገርመኝም።

ያለ ካፒቴን ትእዛዝ በር አይከፍቱም የሚለው ግን መልስ ይፈልጋል፤ በዚህ ጉዳይ የሞቱ ሰዎች አሉና። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 19 ቀን 1980 ከሪያድ ወደ ጅዳ የተነሳ የሳውዲ አውሮፕላን በኋላ የዕቃ ክፍሉ እሳት ተነስቶበት ተመለሰ። በሰላም አረፈ። ልብ በሉ፣ በሰላም አረፈ። ነገር ግን ወዲያው አልቆመም፤ ከቆመም በኋላ ሞተሮቹ ከሦስት ደቂቃ በላይ ሳይጠፉ ቆዩ፤ የውጣ ትእዛዝ አልተሰጠም፤ በሮቹም ከውስጥ አልተከፈቱም። የነፍስ አድን ሠራተኞች በር የከፈቱት ሞተሮቹ ከጠፉ 23 ደቂቃ በኋላ ነው። 301ዱም ሞተው ነበር።

ዛሬ በሥልጠና ክፍል የሚሰጠው ሕግ ከዚህ የተለየ ነው። እሳት፣ ጭስ፣ ውኃ ወይም የአውሮፕላኑን አካል መሰባበር በዓይኑ ያየና ኮክፒቱን (የአብራሪዎቹን ክፍል) ማግኘት ያልቻለ አስተናጋጅ በራሱ ውሳኔ ሰው ያስወጣል። ሃኔዳ ላይ ከኮክፒት ጋር መነጋገር ስላልተቻለ የኋላው የግራ በር የተከፈተው እዚያ በነበረው አስተናጋጅ ውሳኔ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 2013 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የደቡብ ኮሪያው አሲያና አየር መንገድ ቦይንግ 777 ሲከሰከስ መጀመሪያ የመጣው መልእክት ቆዩ የሚል ነበር። አንድ አስተናጋጅ በመስኮት እሳት አይቶ አሳወቀ፤ መውጣቱ ተጀመረ። ሁለት ማንሸራተቻዎች ወደ ውስጥ ተነፍተው አስተናጋጆችን አጣበቁ፤ ያም ሆኖ ከ307 ሰዎች የሞቱት ሦስት ናቸው። አውሮፕላኑ ሲሰበር ወደ ውጭ ተወርውረው የሞቱት ሁለት ተሳፋሪዎች ቀበቶ አላሰሩም ነበር። ቀበቶም በገለጻው ውስጥ አለ።

ቀድመው ይወጣሉ ለሚለው ወቀሳ የማንቸስተርን ልንገር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 22 ቀን 1985 ቦይንግ 737 ማኮብኮቢያ ላይ እያለ የግራ ሞተሩ ፈንድቶ የነዳጅ ቋቱን በሳው። አውሮፕላኑ ቆመ፤ ነፋሱ እሳቱን ወደ ካቢኑ ገፋው። ከፊት ያለው የቀኝ በር መጀመሪያ ተቀርቅሮ እምቢ አለ፤ የካቢኑ ኃላፊ ወደ ግራው በር ዞሮ ከፈተ፣ ከዚያ ተመልሶ ታግሎ ቀኙን አስለቀቀው። በክንፉ ላይ ያለውን መውጫ ለመክፈት ግን አጠገቡ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ተቸገሩ፤ እዚያ ሰከንዶች ጠፉ። ከ137 ሰዎች 55 ሞቱ፤ አብዛኞቹን የገደላቸው ጭሱ ነው። ከሞቱት ውስጥ ከኋላ የነበሩት ሁለት አስተናጋጆች ይገኙበታል። ወለሉ ላይ የሚበሩት የመውጫ መብራቶች፣ እሳት የሚቋቋም የወንበር ልባስ፣ በክንፍ መውጫው አጠገብ ያለው ሰፊ ቦታ በየአውሮፕላኑ የተስፋፉት ከማንቸስተር በኋላ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አስተናጋጅ የሚቀመጠው በሩ አጠገብ ነው። መሸሽ ቢፈልግ ከማንም ይቀድም ነበር። እዚያ የሚቀመጠው ግን በሩን ከፍቶ ሌላው እስኪወጣ አጠገቡ እንዲቆም ነው። ሁሉም እንዲህ አድርገዋል አልልም፤ ሰው ናቸውና የደነገጠ፣ የተሳሳተ አለ። የሥራው ሕግ ግን ጸሐፊው ከጻፉት ጋር ተቃራኒ ነው።

የቀሩት ነጥቦች

የጥርሱን ወሬ ብዙ ሰው ያምነዋል። እስቲ ነገሩን እናስብ፦ አስተናጋጆቹም ራሳቸው ወንበራቸው ላይ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያደርጋሉ፤ የራሳቸውን ጥርስ ለመርማሪ እያስቀመጡ ነው? ጎንበስ ማለት የሚጠቅመው ሰውነት በቀበቶ ተይዞ ሳለ ራስና እግር ተወርውረው ከፊት ያለውን ወንበር እንዳይመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 እንግሊዝ ኬግዎርዝ ላይ ከ126 ሰዎች 47 በሞቱበት አደጋ የተረፉት 79 ሰዎች ጉዳት በዝርዝር ተጠንቶ ነበር። እግር መሬት ላይ ተስተካክሎ ከጉልበት ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን የሚለው የዛሬው መመሪያ ከዚያ ጥናት የመጣ ነው። እግሩ ያልተሰበረ ሰው ራሱ ይወጣል፤ ያ ከግጭቱ በኋላ ያለው ጊዜ ለሱ ይተርፈዋል።

የመስኮት መሸፈኛው ጉዳይ በአሲያና ታይቷል፦ በር ከመክፈት በፊት ውጭ እሳት መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ማታ መብራት የሚደበዝዘው ዓይን ጨለማውን አስቀድሞ እንዲለምድ ነው። የተዘረጋ ጠረጴዛ በመስኮት በኩል የተቀመጠውን ሰው ያግተዋል። ይህ ሁሉ የሚጠየቀው ሲነሱና ሲያርፉ ብቻ ነው፤ አደጋ የሚበዛው ያኔ ነውና።

የኦክስጅኑ ነገር ከባህላችን ጋር ይጋጫል መባሉ ስሜቴን ነክቶታል፤ እናት ራሷን ከልጇ አስቀድማ አታውቅምና። ነገር ግን 35,000 ጫማ ላይ አየሩ ካቢኑን ሲለቅ አዋቂ ሰው አእምሮው ጥርት ብሎ የሚሠራው ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ገደማ ነው። ልጁ ሲወራጭ፣ ማሰሪያው ሲጠማዘዝ ያ ጊዜ ካለቀ እናቲቱ ራሷን ትስታለች፤ ልጁም ያለ ረዳት ይቀራል። የራሷን ካጠለቀች ግን ለልጇ በቂ ጊዜ አላት። የኦክስጅን ማመንጫው ቢያንስ 12 ደቂቃ ገደማ ይሠራል፤ ያ አብራሪው ያለ ጭንብል ወደሚተነፈስበት 10,000 ጫማ እስኪወርድ ነው። ኦክስጅኑ ሰውን ለማደንዘዝ ነው የሚለው የጽሑፉ የጎን ወሬ ደግሞ ስለ ኬሚካሉ አንድም ነገር ሳይጠቅስ የተጻፈ ስለሆነ አልመልስለትም።

ዘመቻ ሰሎሞን ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ለሌላ ነገር ግን። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በአንዱ ቦይንግ 747 ከ1,000 በላይ ሰው ገብቶ ነበር፤ በጉዞው ላይ የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ። ያ የተደረገው ከተማዋ በቀናት ውስጥ በአማፂያን እጅ ልትወድቅ ስትል ነው። መሪዎቹ አንዱን አደጋ ከሌላው ጋር አመዛዝነው ወሰኑ፣ ተሳካላቸውም። አደጋ ስላልደረሰ ሕጉ አላስፈለገም ማለት ግን አንድ ቀን ያለ ፍሬን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለት ወርዶ የዳነ ሹፌር ፍሬን ትርፍ ነው እንደማለት ነው።

የምቀበልላቸው

የ90 ሰከንዱ ሙከራ ከእውነተኛ አደጋ ይርቃል ብለው የጻፉት ልክ ነው። በሙከራው ላይ የሚሳተፉት ጤነኞችና ፈቃደኞች ናቸው፤ የሚያለቅስ ሕፃን፣ በክራንች የሚሄድ ሽማግሌ፣ በሽብር የደነዘዘ ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤርባስ ኤ380 በ78 ሰከንድ 873 ሰዎች ሲወጡበት ታይቷል፤ ማንም ባለሙያ ግን በእውነተኛ እሳት ያ ቁጥር ይደገማል ብሎ አይጠብቅም። ሃኔዳ ላይ የወሰደው ጊዜ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። መለኪያውን ማሻሻል ያስፈልጋል።

ገለጻው በችኮላና በማይገባ ቋንቋ ይነበባል ያሉትም እውነት ነው፤ ከጽሑፋቸው ሁሉ ዋጋ ያለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚሄዱ በረራዎች ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን የተሳፈሩ፣ ቀበቶ መፍታት እንኳ ያልተለማመዱ እህቶቻችን አሉ። አንዳንዶቹ የሚሳፈሩበት አየር መንገድ የሚናገረው በአረብኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። አማርኛ ቢጨመርም ሁሉም አማርኛ አይሰማም፤ ኦሮምኛም መኖር አለበት። ኪሱ ውስጥ ያለው የደኅንነት ካርድ በሥዕል የተሠራው ለዚህ ቢሆንም፣ ካርዱን አውጥቶ በእጁ የሚያሳይ ሰው ከሌለ ብዙ አይጠቅምም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የመውጫ በሩ ረድፍ ነው። እዚያ የሚቀመጥ ተሳፋሪ የአስተናጋጆችን ትእዛዝ መረዳትና በሩን መክፈት መቻል አለበት፤ ማንቸስተር ያስተማረችው ነገር ነው። በተግባር ግን አስተናጋጁ በእንግሊዝኛ «ለመርዳት ፈቃደኛ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ተሳፋሪው ምን እንደተባለ ሳይሰማ ራሱን ይነቀንቃል፣ አስተናጋጁም ጊዜ የለኝም ብሎ ያልፋል። ያንን ነቀነቃ እንደ መልስ መቀበል ስህተት ነው። አስተናጋጁ ያልገባውን ሰው በትሕትና ወደ ሌላ ወንበር የማዛወር ግዴታም ሥልጣንም አለው። ጸሐፊው ቀጣዩን ጽሑፋቸውን በዚህ ላይ ቢጽፉ ከእኔ ጀምሮ ብዙ የቀድሞ ባልደረቦቼ እናጋራላቸዋለን።